ኮስት ሼሪንግ ለመምህርነት ሰልጣኞች፦ ከኮተቤ በኩል ሲመዘን

በአገራችን መምህር ለመሆን የሚማር ወጣት የሚያገኘው ትልቁ የገንዘብ ድጋፍ ስኮላርሺፕ ተብሎ አይጠራም። በወረቀት ላይ «የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት» ይባላል፤ ግቢ ውስጥ ሁሉም ኮስት ሼሪንግ ይለዋል። እዚህም እዚያም ካሉት ትንንሽ ድጎማዎች ሁሉ በላይ ለብዙ ሰው የሚደርሰው እሱ ነው። ስለዚህ እንደ አንድ አገልግሎት ምን ይሰጣል፣ የት ይበላሻል፣ ለማን ያዋጣል የሚለውን እንመዝናለን። የምናየው ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሆነን ነው፤ ከመገናኛ በላምበረት አድርጎ ወደ ካራሎ የሚወጣውን መንገድ፣ ከመምህራን ኮሌጅነት ተነስቶ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ፣ ቆይቶም የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሆነውን የኮተቤን ግቢ፣ በዙሪያው ያሉትን የኪራይ ሰፈሮች ይዘን።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። አገልግሎቱ ጥሩ ነው፣ ውሰዱት። ከሌላው ተማሪ ይልቅ ለመምህርነት ሰልጣኝ እንዲያዋጣ ተደርጎ የተሠራ ክፍልም አለው። ያንን ክፍል ግን ብዙ መምህር በሰነድ ጉድለት ብቻ ያጣዋል፤ ከዚህ በታች ረዘም አድርገን የምንናገረውም ስለዚያ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ወጪ መጋራት የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን ዛሬ የምትፈርሙት ቅጽ የተመሠረተው በደንብ ቁጥር 154/2000 ላይ ነው። ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶው፣ ከምግብና ከመኝታ ደግሞ ሙሉው በተማሪው ስም ይመዘገባል። ስትማሩ ምንም አትከፍሉም። ሥራ ስትይዙ ከወር ገቢያችሁ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ እስከ 15 ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ይመለሳል። አቅም ኖሯችሁ አስቀድማችሁ ብትከፍሉ 5 በመቶ ይቀነስላችኋል።

ከዕዳው ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ምግብ ነው። ለረጅም ጊዜ ለአንድ ተማሪ በቀን 15 ብር የነበረው በጀት ወደ 22 ብር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው የሚደገፍ ነው፤ በ22 ብር ሰው ጠግቦ አይማርም ነበር። የዕዳውን መልክ ግን ለውጦታል። በቀን 100 ብር፣ በዓመት አሥር ወር ቢሰላ ምግቡ ብቻ 30,000 ብር ይሆናል። በአራት ዓመት 120,000 ብር መሆኑ ነው። ለስሌት ያህል የተጣራ ገቢው 10,000 ብር የሆነ መምህር በወር 1,000 ብር እየተቆረጠበት ይህን ለመጨረስ አሥር ዓመት ይፈጅበታል፤ መኝታውና የትምህርቱ 15 በመቶ ገና አልተነኩም። የቀድሞ ተመራቂዎች «ኮስት ሼሪንግ ምን አላት፣ በአንዴ ከፍለህ ትገላገላለህ» ሲሏችሁ የሚያወሩት ስለራሳቸው ዘመን ዕዳ ነው።

ቅጹ በየዓመቱ ይሞላል። የሚጠይቀው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታ ከክልል እስከ ቀበሌና የቤት ቁጥር፣ የእናት ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የጨረሳችሁበት ትምህርት ቤትና ጊዜ፣ የገባችሁበት ዓመትና ዲፓርትመንት ነው። ከዚያ የአገልግሎት ምርጫ ይመጣል፦ በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ፣ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ ወይስ ሁለቱም። መጨረሻ ላይ የወጪው ዝርዝርና ድምሩ ይሰፍራል። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ብዙዎች የምርጫውን ሳጥን ሳያስተውሉ ምልክት ያደርጋሉ። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር የአያት ሰፈር ወይም የለገጣፎ ልጅ «ምግብና መኝታ» ላይ ምልክት አድርጎ ከሆነ አንድ ሌሊት ላልተኛበት አልጋ ዕዳ ይመዘገብበታል። የድምሩ ቦታ ባዶ ሆኖም አትፈርሙ፤ «በኋላ እንሞላዋለን» የሚባል ነገር አትቀበሉ። የእያንዳንዱን ዓመት ቅጽ ኮፒ፣ ማህተም ካረፈበት በኋላ፣ አንድ ክላሰር ውስጥ አኑሩ። በአራተኛው ዓመት የሁለተኛውን ዓመት ቅጽ ከመዝገብ ቤት ማስፈለግ ስንት ቀን እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የስም ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በአማርኛ አንድ የሆነ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በየሰነዱ መልኩን ይለውጣል። ገብረማርያም በ12ኛ ክፍል ውጤት ላይ ተቀጥሎ፣ በፋይዳ ላይ ተለያይቶ፣ በባንክ ደብተር ላይ አንድ ፊደል ተጨምሮበት ይገኛል። ሲለያይ ደግሞ «ማርያም» የአባት ስም ቦታ ላይ ትገባና አባትየው ወደ አያት ቦታ ይወርዳሉ፤ አያት ከነጭራሹ ይጠፋሉ። በዓይን ለሚያይ ሰው ያው ሰው ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው። ምክራችን ግልጽ ነው፦ ሌሎቹ ሰነዶች የ12ኛ ክፍሉን ውጤት እንዲከተሉ አድርጉ፤ ዲግሪያችሁ የሚታተመው በዚያ ስም ነውና። ፋይዳችሁን አስተካክሉ፣ ከዚያ በተስተካከለው ፋይዳ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ባንኩ ድረስ ሁለቴ ትሄዳላችሁ።

አሁን ወደ ካፌና ኖን ካፌ ጥያቄ። ካፌ የሚባለው የግቢው የተማሪዎች መመገቢያ ነው። ኖን ካፌ የሚመርጥ ተማሪ የምግቡን ገንዘብ በሂሳቡ ይቀበላል፣ ምግቡን ራሱ ይችላል። ወረቀት ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ኮተቤ ሰፈር ውስጥ ግን እኩል አይደሉም። ካፌ በጅምላ ይገዛል፣ ማገዶና ሠራተኛ ከተማሪው ኪስ አይወጣም። እናንተ በ100 ብር ውጭ ብትበሉ አንድ ሽሮ በልታችሁ ለእራት የሚተርፍ ነገር አይኖራችሁም። ብቻውን ሆኖ ምግብ ቤት ለሚመላለስ ተማሪ ኖን ካፌን አንመክርም።

የሚያዋጣው ለሦስት ወይም ለአራት ሆኖ ለሚያበስል ነው። ሽሮና በርበሬ ከቤት የሚመጣለት፣ እንጀራውን በሳምንት ሁለት ቀን ከሰፈር እንጀራ ጋጋሪ ቆጥሮ የሚወስድ፣ ዘይትና ሽንኩርት በጋራ የሚገዛ ቡድን በወሩ መጨረሻ ጥቂት ያተርፋል። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ግን አከራይዋን ስለ ምድጃ ጠይቁ። ብዙ አከራዮች የኤሌክትሪክ ምድጃ አይፈቅዱም፤ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ሂሳቡ እነሱ ላይ ይወጣል። የከሰል ምድጃ ደግሞ መስኮት በሌላት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም፣ ከሰል ደጅ ብቻ።

ሌላው የኖን ካፌ ችግር የገንዘቡ አመጣጥ ነው። ዝርዝሩ ከሬጅስትራር ወደ ተማሪዎች አገልግሎት፣ ከዚያ ወደ ፋይናንስ፣ ከዚያ ወደ ባንክ ይጓዛል። በዓመቱ መጀመሪያ ምዝገባው ሳይዘጋ ዝርዝር አይወጣም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ ይዘገያል፣ አንዳንዴም የሁለት ወሩ ተጠራቅሞ ይመጣል። ዘግይቶ የተመዘገበ ወይም የሂሳብ ቁጥሩን አንድ አኃዝ ያሳሳተ ተማሪ እስከ ቀጣዩ ዙር ይጠብቃል። ኖን ካፌ የምትሆኑ ከሆነ የአንድ ወር ተኩል ቀለብ በእጃችሁ ይዛችሁ ግቡ። ያ ከሌላችሁ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ተመገቡና በሁለተኛው ለመቀየር ጠይቁ።

አገልግሎቱ ፈጽሞ የማይሸፍነው አንድ ትልቅ ወጪ አለ፦ የማስተማር ልምምድ። የሕክምና ተማሪ ሆስፒታሉ ግቢው ውስጥ ወይም አጠገቡ ነው፤ የመምህርነት ሰልጣኝ ግን ትምህርት ቤት ፍለጋ ይወጣል። ነጭ ጋዋን፣ ማርከር፣ ለመርጃ መሣሪያ የሚሆን ካርቶንና ፍሊፕ ቻርት፣ የትምህርት ዕቅድ ማተሚያ፣ የጠዋትና የማታ ታክሲ ሁሉ ከኪስ ነው። ልምምዱ ካፌ ከሚከፈትበት ሰዓት ጋር ስለሚጋጭ ምሳውም ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ ዕዳው ግን የበላችሁ ያህል ይቆጠራል። ማቃለያው ምደባ ሳይለጠፍ አስተባባሪውን ማነጋገር ነው። በእግር የሚደረስ ትምህርት ቤት ካልተገኘ በአያት ቀላል ባቡር መስመር ዳር ያለ ትምህርት ቤት ጠይቁ፤ ሁለት ታክሲ ከመቀያየር ይሻላል። ጋዋን ከተመራቂ በግማሽ ዋጋ ይገኛል። ይህን ክፍተት የሚሞላ፣ ለልምምዱ ሳምንታት ብቻ የሚከፈል የትራንስፖርት ድጎማ ቢኖር ከብዙ ነገር የበለጠ ሰልጣኞችን ይረዳ ነበር። ወጪው ትንሽ ነው፣ የጎደለው ያሰበበት አካል ነው።

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ደንቡ ለመምህርነት ለሰለጠነ ሰው ዕዳውን በአገልግሎት የመክፈል መንገድ ይሰጣል። ተመድባችሁ ታስተምራላችሁ፣ ያገለገላችሁት ጊዜ እንደ ክፍያ ይታሰባል። ኮስት ሼሪንግን ለመምህር ወደ እውነተኛ ስኮላርሺፕ የሚለውጠው ይህ አንቀጽ ነው፤ ከላይ ያሰላነው 120,000 ብር በጥቁር ሰሌዳ ፊት ይከፈላል። ስንት ዓመት እንደምታገለግሉ ውላችሁ ላይ ስላለ ሳትፈርሙ አንብቡት።

ይህ መብት የሚጠፋባቸው መንገዶች ተመሳሳይ ናቸው። አንደኛው ቅጥሩ ላይ ነው። አዲሱ መምህር ውሉን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አያቀርብም፤ ፋይናንሱ እንደ ማንኛውም ተመራቂ ቆጥሮ 10 በመቶውን መቁረጥ ይጀምራል። ደመወዝ በባንክ ስለሚገባ መምህሩ የፔሮሉን ዝርዝር አያይም፣ ወራት ያልፋሉ። የመጀመሪያው ደመወዝ እንደገባ ዝርዝሩን ጠይቃችሁ «ወጪ መጋራት» የሚል ተቀናሽ መኖር አለመኖሩን እዩ። ካለ በዚያው ወር በጽሑፍ አመልክቱ፤ ወደ መንግሥት ካዝና የገባ ገንዘብ ማስመለስ ረጅም መንገድ ነው።

ሁለተኛው የአገልግሎት ማስረጃው ነው። ወረዳው የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «ከዚህ ዓመት ጀምሮ በማስተማር ላይ ይገኛሉ» ብሎ ያበቃል። ይህ ለኮስት ሼሪንግ አይበቃም። ደብዳቤው የተቀጠራችሁበትን ቀን፣ ወርና ዓመት፣ እስከ መቼ እንዳገለገላችሁ፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የምታስተምሩትን ትምህርት፣ ከደመወዛችሁ ለወጪ መጋራት የተቆረጠ መኖር አለመኖሩን መያዝ አለበት። የወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ክብ ማህተም ከሌለው ወደ ኋላ ይመለሳል። ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ የተዛወረ መምህር ደግሞ ከሁለቱም ወረዳ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ በመሐል የሁለት ወር ክፍተት ካለ ክፍተቱን የሚያስረዳ የዝውውር ደብዳቤ አብሮ ይያያዝ። ይህን ከወረዳው ስትለቁ በዚያው ሳምንት አስጽፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመለሱ ኃላፊው ተቀይሯል፣ ፋይሉም አይገኝም።

ሦስተኛው ሙያ መቀየር ነው። ከትምህርት ዘርፍ ወደ ሌላ ዲፓርትመንት የሚቀይር ተማሪ፣ ወይም አስተምሮ ሳይጨርስ ወደ ባንክ ወይም ወደ ድርጅት የሚሄድ መምህር ቀሪውን በገንዘብ ይከፍላል። በግል ትምህርት ቤት ማስተማርንም ከመንግሥት ምደባ ጋር አንድ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ ይቆጠር እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት በደብዳቤ ጠይቃችሁ በደብዳቤ መልስ ያዙ። የቃል መልስ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ዋጋ የለውም። ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ የወጣ ተማሪም የተማረበት ጊዜ ዕዳ ከስሙ አይነሳም።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። በአፕላይድ፣ ማለትም ከመምህርነት ሥልጠና ውጭ በሆነ ዘርፍ ተመርቀው ወደ መምህርነት ለሚመጡ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የድህረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ፣ ማለትም ፒጂዲቲ አለ፤ የሚገቡ ሰዎች የመጀመሪያ ዲግሪያቸው ዕዳ ከዚህኛው ጋር እንዳይምታታ ሁለቱን በተለያየ ፋይል ይያዙ። በሥራ ላይ ላሉ መምህራን የክረምት ትምህርት ደመወዝ ሳይቋረጥ ደረጃ ማሻሻያ ስለሆነ በገንዘብ ረገድ ከሁሉ ይሻላል፤ የሚከፈልበት ዋጋ ዕረፍት ማጣትና ተጨማሪ የአገልግሎት ውል ነው። በምዕራቡ ዳርቻ፣ ሰበታ ላይ፣ በልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራንን የሚያሰለጥን ኮሌጅ አለ። ለዘርፉ ፍቅር ያለው ሰው ይጠይቅ፣ መምህር በጣም የሚያንስበት ሙያ ነውና።

መጨረሻው ክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳ ነፃ መሆናችሁን ማረጋገጥ ነው። ስትመረቁ ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ይሰጣችኋል፤ ኦሪጅናሉ ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ዕዳው ሳይዘጋ አይወጡም። ለማስተርስ ወይም ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የምታመለክቱ ከሆነ ይህ በቀጥታ ይነካችኋል፤ የማመልከቻው ጊዜ ሲደርስ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ይዛችሁ የምትሄዱት የየዓመቱን የውል ቅጽ፣ የቴምፖውን ኮፒ፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ ከየወረዳው የተጻፈ የአገልግሎት ማስረጃ፣ የተቆረጠባችሁ ካለ የክፍያውን ዝርዝርና ፋይዳችሁን ነው። ሁሉንም በሦስት ኮፒ አድርጉ። ኮፒውን ከግቢው በር ፊት ከማስነሳት መገናኛ ላይ አስነስታችሁ መምጣት ይሻላል፤ ኮተቤ መብራት ሲጠፋ የኮፒ ቤቶቹ ሁሉ አብረው ይዘጋሉ፣ መስኮቱ ደግሞ ለምሳ እናንተን አይጠብቅም።