የሩሲያ ግራንድ ፕሪ ለአይስ ዳንስ ተከታታይ፦ ስርጭቱ ደህና፣ የነጥብ ወረቀቱ ግን ወርቅ

ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር ሩሲያና ቤላሩስን እ.ኤ.አ. ማርች 2022 ካገደ ወዲህ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሩሲያ አይስ ዳንስ (ሴትና ወንድ ተጣምረው በበረዶ ላይ በሸርተቴ የሚወዳደሩበት ዳንስ) ጥንዶች እርስ በርስ ሲፎካከሩ የሚታዩት በአገር ውስጥ ውድድር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ከከተማ ከተማ የሚዞረው የሩሲያ ግራንድ ፕሪ፣ በዲሴምበር መጨረሻ ብሔራዊው ሻምፒዮና፣ ከዚያም የግራንድ ፕሪው ፍጻሜ። ውድድሮቹ በሩሲያ ቻናል አንድ ይተላለፋሉ፤ የዳኞቹ የነጥብ ወረቀት ደግሞ በፒዲኤፍ ይወጣል። ለአይስ ዳንስ ወዳጅ ሁለቱ አብረው እንደ አንድ አገልግሎት ሊታዩ ይገባል፤ ቪዲዮውን ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ነው የሚያገኘው።

ከሰዓቱ እንጀምር። ሞስኮና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። ፕሮግራሙ 15፡00 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጀመሪያ ቴል አቪቭ ያለ ሰው 1 ሰዓት፣ ዋሺንግተን ያለ ሰው 8 ሰዓት ይቀንሳል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ውድድሩ ራቅ ባለ ከተማ ሲሆን ነው። ሳማራ ከሞስኮ በ1 ሰዓት፣ ኦምስክ በ3፣ ክራስኖያርስክ በ4 ሰዓት ይቀድማሉ። የተጻፈው የከተማው ሰዓት ይሁን የሞስኮ ሳያጣሩ የተቀመጡ ሪትም ዳንሱ (የመጀመሪያው ቀን ውድድር) አልቆ ይደርሳሉ። ትረካው በሩሲያኛ ነው፤ ቋንቋውን የማይሰማ ሰው ግን ብዙ አይቀርበትም፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ወረቀቱ ላይ አለ።

ወረቀቱ እንዲህ ይነበባል። እያንዳንዱ ክንውን በላቲን ፊደል ምህጻር ይቀመጣል፤ ምህጻሩ በየትም አገር አንድ ስለሆነ ሩሲያኛ አይጠይቅም። ለእርምጃ ቅንጅትና ለትዊዝል (ከታች ለሚገለጸው መዞር) የሴቷና የወንዱ ደረጃ ለየብቻ፣ ከ1 እስከ 4 ይጻፋል። ቀጥሎ የመነሻ ዋጋው፣ ከዚያም እያንዳንዱ ዳኛ ከ-5 እስከ +5 የሰጠው የአፈጻጸም ውጤት ይመጣል። ዳኞቹ 9 ሲሆኑ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥለው የ7ቱ አማካይ ይያዛል። ከታች ሦስቱ የፕሮግራም መመዘኛዎች አሉ፦ ቅንብር፣ አቀራረብና የሸርተቴ ችሎታ። በሪትም ዳንስ በ1.33፣ በፍሪ ዳንስ (በሁለተኛው ክፍል) በ2 ይባዛሉ። መጨረሻ ላይ ቅጣቱ አለ፦ አንዱ ከወደቀ 1 ነጥብ፣ ሁለቱም ከወደቁ 2።

ቪዲዮውን በስልክ ሰዓት መቁጠሪያ ማየት ጥሩ ልማድ ነው። አጭር ሊፍት (ወንዱ ሴቷን የሚያነሳበት ክንውን) ከ7 ሰከንድ፣ ጥምር ሊፍት (ሁለት አጭር ሊፍት የተያያዙበት) ከ12 ሰከንድ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ 1 ነጥብ ይቀነሳል። የሴቷ ስለት በረዶውን ሲለቅ አስነሱት፣ ተመልሶ ሲነካ አቁሙት። ትዊዝል ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ፊታቸው ላይ ሳይሆን ስለቱ ላይ አድርጉ። ትዊዝል በአንድ እግር እየዞሩ ወደፊት መጓዝ ነው። ጉዞው ቆሞ እዚያው ቦታ ላይ መሽከርከር ከሆነ፣ ወይም የተነሳው እግር በረዶ ከነካ፣ ደረጃው ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው አገባቡ ነው፤ ክብደቱ ከስለቱ ጠርዝ ላይ በትክክል ሳያርፍ መዞር ይጀመርና ሦስተኛው ዙር ላይ ትከሻ ያዘነብላል። ከትከሻው በኋላ የሚመጣው የታወቀ ነው።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን እንደሚያስፈልግ ከግራዝ 2020 የተሻለ ማሳያ የለም። በዚያ ዓመት በአውሮፓ ሻምፒዮና ሩሲያውያኑ ቪክቶሪያ ሲኒጺናና ኒኪታ ካጻላፖቭ 220.42 አግኝተው ፈረንሳውያኑን ጋብሪዬላ ፓፓዳኪስንና ጊዮም ሲዜሮንን (220.28) አሸነፉ። ልዩነቱ 0.14 ብቻ ነው። ያኔ መመዘኛዎቹ አምስት ነበሩ፣ በፍሪ ዳንስ የሚባዙትም በ1.2። ሒሳቡን ስትሠሩት፣ አማካዩ ከተያዘላቸው 7 ዳኞች 4ቱ በአንድ መመዘኛ ላይ ሩብ ነጥብ ቢለውጡ ወርቁ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። በ2021 ሲኒጺናና ካጻላፖቭ ስቶክሆልም ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ ቤጂንግ 2022 ኦሊምፒክ ላይ ግን ፓፓዳኪስና ሲዜሮን በ226.98 ለ220.51 መለሱላቸው።

ከሩሲያ ውስጥ ሆነው ሲኒጺናንና ካጻላፖቭን ሲያሳድዱ የኖሩት አሌክሳንድራ ስቴፓኖቫና ኢቫን ቡኪን ናቸው። በ2013 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ነበሩ። የኢቫን አባት አንድሬይ ቡኪን በ1988 ከናታሊያ ቤስቴምያኖቫ ጋር የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ ነው። አሠልጣኞቻቸው ኢሪና ዡክና አሌክሳንደር ስቪኒን፣ የሲኒጺናና ካጻላፖቭ ደግሞ አሌክሳንደር ዡሊን፤ ስለዚህ ፉክክሩ የሁለት ቤትም ነበር። ሲኒጺናና ካጻላፖቭ ከመድረኩ ከለቀቁ በኋላ የ2023 ብሔራዊ ሻምፒዮና ስቴፓኖቫና ቡኪን በሌሉበት ኤሊዛቬታ ኩዳይበርዲየቫና ኤጎር ባዚን ወሰዱት። የ2024ና የ2025 ዋንጫ ግን ለስቴፓኖቫና ለቡኪን ነው።

ከእነሱ በታች ያለውን ሰልፍ ማወቅ የሚከብደው ጥንዶቹ ስለሚፈርሱና እንደገና ስለሚገጣጠሙ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከሶቺ 2014 ኦሊምፒክ በኋላ ካጻላፖቭ ኤሌና ኢሊኒኽን ትቶ ከሲኒጺና ጋር ሲሆን፣ የሲኒጺና የቀድሞ አጋር ሩስላን ዢጋንሺን ከኢሊኒኽ ጋር ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ብሔራዊውን ዋንጫ የወሰዱት ኢሊኒኽና ዢጋንሺን ነበሩ፤ የዓለም ወርቅ ላይ የደረሱት ግን ሌሎቹ። በአሁኑ ትውልድም ዴቪድ ናሪዥኒ ከኤሊዛቬታ ሻናየቫ ተለይቶ ኋላ ከኢሪና ካቭሮኒና ጋር ተጣመረ፤ ሻናየቫ ከፓቬል ድሮዝድ ጋር ሆነች። የካቭሮኒና የቀድሞ አጋር ዳሪዮ ቺሪሳኖ ኤሊዛቬታ ፓሴችኒክን ይዟል። ቫሲሊሳ ካጋኖቭስካያና ማክሲም ኔክራሶቭም እንዲሁ ከሌላ አጋር መጥተው የተገናኙ ናቸው። የነጥብ ወረቀቱ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። የወንዱና የሴቷ ደረጃ ለየብቻ ስለሚጻፍ፣ አንድን ሰው አጋሩን ከቀየረ በኋላም መከታተል ይቻላል። የናሪዥኒን ደረጃዎች ከድሮ ወረቀት አውጥታችሁ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ ለውጡ ከእሱ ይሁን ከጥምረቱ ይታያል። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ የሚያይ ይህን በምንም አያገኘውም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። እያንዳንዱ ጥንድ ሁለት የግራንድ ፕሪ ዙሮች ስለሚሰጡት፣ ጠንካሮቹ በተለያየ ከተማ ይበተናሉ፣ እርስ በርስም ብዙ አይገናኙም። በካዛን የተገኘን ድምር ከሳማራው ጋር አነጻጽሮ «እገሌ በለጠ» ማለት ስህተት ነው፤ ዳኞቹም፣ ደረጃ የሚሰጠው የቴክኒክ ቡድንም ይለያያሉ። ከተለያየ ከተማ ሲሆን ደረጃዎቹንና የመነሻ ዋጋውን ብቻ፣ ያንንም በጥርጣሬ አነጻጽሩ። የአፈጻጸም ውጤትና መመዘኛዎች የሚነጻጸሩት በአንድ ውድድር ውስጥ ብቻ ነው። ከውጭ አገር ጥንዶች ጋር ማወዳደርማ ጭራሽ አይሞከርም፤ የአገር ውስጥ ነጥብ በዓለም አቀፉ ማኅበር መዝገብ አይገባም። ይህን አገልግሎት ለሚከታተል ሰው ትልቁ ቅሬታ ይኸው ነው፣ አዘጋጆቹ ብቻቸውን የሚፈቱትም አይደለም።

የወጣቶቹ ነገር ያሳዝናል። በዲሴምበር 2021 ኦሳካ ላይ ይደረግ የነበረው የወጣቶች ግራንድ ፕሪ ፍጻሜ በኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ እገዳው መጣ። ለሚላኖ 2026 ኦሊምፒክ በገለልተኛነት ያለፉት ሩሲያውያን ስኬተሮች አዴሊያ ፔትሮስያንና ፒዮትር ጉሜኒክ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በነጠላ የሚወዳደሩ ናቸው። ከአይስ ዳንስ ማንም አልነበረም። አይስ ዳንስ ላይ ደግሞ የዳኛ ዓይን መለመድ ብዙ ዋጋ አለው። ስለዚህ በር ሲከፈት ፈጥኖ የሚወጣው በቴክኒክ ቡድን ፊት የማይከራከር ደረጃ 4 የሚያመጣ ጥንድ ይሆናል ብለን እናምናለን፤ መመዘኛዎቹ ቀስ ብለው ይከተላሉ።

መከታተል የሚጀምር ሰው ከግራንድ ፕሪው ዙሮች ሳይሆን ከዲሴምበሩ ሻምፒዮና ይነሳ። ሁሉም በአንድ በረዶ፣ በአንድ የዳኞች ቡድን ፊት የሚቀርቡት እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሪትም ዳንስ አይቶ ወረቀቱን ያውርድ፣ የአምስቱን መሪ ጥንዶች የትዊዝልና የእርምጃ ደረጃ በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ በፍሪ ዳንሱ ቀን ያንን ገጽ ከፊቱ አድርጎ ይቀመጥ።