በጣና ዳርቻ የኮንክሪት ቱቦ እንዳይንሳፈፍ፦ የትኛው መላ ለየትኛው ቦታ?

ባዶ እንስራ ውኃ ላይ ሲቀመጥ ይንሳፈፋል። ተሰብሮ ገሉ ቢወረወር ግን ይሰጥማል። የኮንክሪት ቱቦም ያው ነው፤ አካሉ ከባድ፣ ሆዱ ባዶ። ባሕር ዳር ውስጥ የፍሳሽ ወይም የጎርፍ መስመር ሊያስቀብር የተነሣ ሰው «ይሄን የሚያህል ኮንክሪት እንዴት ይነሣል?» ሲለኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እንስራው ነው።

ቁጥሩን እንየው። የኮንክሪት ክብደት በሜትር ኩብ 2400 ኪሎ ይያዝ። የውስጥ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ግድግዳው 10 ሳንቲም የሆነ ቱቦ በአንድ ሜትር ርዝመት ወደ 830 ኪሎ ይመዝናል። ሙሉ በሙሉ በውኃ ከተከበበ ግን ውኃው ወደ 1130 ኪሎ በሚሆን ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። የ300 ኪሎ ልዩነት አለ ማለት ነው። ግድግዳው 7.5 ሳንቲም የሆነው የ60 ሳንቲም ቱቦ 380 ኪሎ ሲመዝን ውኃው የሚገፋው 440 ነው። ግድግዳው 5 ሳንቲም የሆነው የ30 ሳንቲም ቱቦ ብቻ ለጥቂት ይተርፋል፤ 132 ኪሎ ይመዝናል፣ 126 ይገፋል። የምትገዙት እሱን ከሆነ በወጉ አፈር አልብሱትና ለሌላ መላ ገንዘብ አታውጡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከ60 ሳንቲም ጀምሮ ላለው ነው።

እዚህ ከተማ ትልቁን ስሕተት ያየሁት ወር ላይ ነው። የጣና ወለል በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ሲሆን ሞልቶ የሚታየው መስከረምና ጥቅምት ነው። ግንቦት ላይ ቆፍሮ ደረቅ መሬት ያየ ሰው «ውኃ የለበትም» ብሎ ይቀብራል። ሐምሌና ነሐሴ ቱቦው ጎርፍ ተሸክሞ ስለሚከብድ ምንም አይታይም። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ይጠራል፣ ቱቦው ይደርቃል፣ መሬቱ ግን ውኃ እንደጠገበ ነው። ቱቦው የሚነሣው ያኔ ነው። ስለዚህ መላዎቹን ስታወዳድሩ ቱቦው ባዶ፣ ውኃውም እስከ መሬቱ ገጽ ደርሶ አስቡት። ሽምብጥም ሆነ ሌላ ለሐይቁ ቅርብ የሆነ ሰፈር ከሆናችሁ፣ የጎረቤት የእጅ ጉድጓድ በጥቅምት የት ድረስ እንደሚሞላ ጠይቁ።

አፈር ወይስ ኮንክሪት?

ርካሹ መላ አፈር ነው፤ ቦታው ከፈቀደ እኔም መጀመሪያ የምመርጠው እሱን ነው። ነገር ግን አፈርም ውኃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ይቀንሳል። ውኃ የጠገበ አፈር በሜትር ኩብ 1800 ኪሎ ቢመዝን ቱቦውን ተጭኖ የሚይዘው 800ው ብቻ ነው። ቱቦውና አፈሩ አንድ ላይ ከውኃው ግፊት 1.5 እጥፍ እንዲከብዱ ካሰላን የ60 ሳንቲሙ ከአናቱ በላይ 40 ሳንቲም ያህል አፈር ይበቃዋል። የ1 ሜትሩ ግን ወደ 80 ሳንቲም ይፈልጋል። የመኪና ጭነት ካለበት ከዚህም በላይ ያስፈልጋል፤ ያ ሌላ ስሌት ነው።

ችግሩ የአፈሩ ዓይነት ነው። ከቦዩ የወጣውን የዋልካ ጓል መልሶ መጣል አፈር ማልበስ አይባልም። በጓሉ መካከል አየር አለ፣ ክብደቱም ከተሰላው በታች ነው። ውኃ ገብቶት ወደ ጭቃ ሲለወጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቀጭን ጭቃ ከንጹሕ ውኃ ስለሚከብድ ቱቦውን ከውኃ በበለጠ ኃይል ያነሣዋል። ሰሌክት (ተመርጦ የሚመጣ የሙሌት) አፈር በስስ በስሱ እየተነጠፈ ሲጠቀጠቅ ይሻላል፤ ከጥቁር ድንጋይ የተፈጨ ጠጠር ደግሞ ከሁለቱም ይከብዳል። ጠጠሩን ከመረጣችሁ ዋልካው ውስጥ እንዳይሰምጥ ውኃ እያሳለፈ አፈር በሚያስቀር የጂኦቴክስታይል ጨርቅ አስጠቅልሉት። ቀዳዳ የሞላበትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ግን ለዚህ ሥራ አትግዙ። ለወለል ሙሌት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን የምንፈልገው ክብደት ነው፣ እሱ ደግሞ ቀላል ነው።

ወደ ሐይቁ በቀረባችሁ ቁጥር 80 ሳንቲም አፈር የማታገኙበት ቦታ ይመጣል። መስመሩ መውጫው ላይ ከመሬት ገጽ ጋር ሊገናኝ ምንም አይቀረውም። ኮንክሪት ማልበስ ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ነው። ከላዩ ምንም አፈር ለሌለው የ1 ሜትር ቱቦ በአንድ ሜትር ርዝመት ወደ 0.6 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ያስፈልጋል። በሜትር ኩብ 3 ኩንታል ሲሚንቶ ብንይዝ ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ኩንታል ሊደርስ ምንም አይቀረው። ለ60 ሳንቲሙ 0.2 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 60 ኪሎ ሲሚንቶ ገደማ ይበቃል። መስመሩን በሙሉ ኮንክሪት አልብሱ የሚላችሁ ሰው ካለ የአፈሩ ከፍታ ከየት እስከ የት እንደሚያንስ በሜትር ያሳያችሁ፤ ለዚያ ክፍል ብቻ ክፈሉ።

አንድ አደጋ አለው። ያልደረቀ ኮንክሪት ራሱ ፈሳሽ ነው፣ ያውም ከውኃ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚከብድ። ያንኑ የ1 ሜትር ቱቦ በአንድ ጊዜ ቢሸፍነው እስከ 2700 ኪሎ በሚደርስ ኃይል ያነሣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከቱቦው ወገብ በደንብ ዝቅ ብሎ ይሞላል፣ እስኪይዝ ይጠበቃል፣ ቀሪው በሌላ ቀን ይሞላል። ሁሉንም በአንድ ቀን እንጨርስ የሚል ፎርማን ቢመጣ ይቅርባችሁ በሉት።

ተገጣጣሚ ክብደትና ማሰሪያ

ተሠርቶ የደረቀ የኮንክሪት ክብደት ቱቦው ላይ እንደ ኮርቻ ይጫናል። ጥቅሙ ውኃ ያለበት ቦይ ውስጥ ኮንክሪት ከመሙላት ጣጣ መገላገሉ ነው። ሲገዛ ግን በሚዛኑ አትታለሉ፤ ደረቅ መሬት ላይ 1000 ኪሎ የሆነው ውኃ ውስጥ ሲገባ 583 ኪሎ ብቻ ይሠራል። ሌላው ነገር የቱቦው ርዝመት ነው። አንድ አንድ ሜትር የሆኑ አጫጭር ቱቦዎች በሞርታር ቢያያዙም እያንዳንዱ ለብቻው ይነሣል። በየ3 ሜትሩ አንድ ክብደት ብታስቀምጡ አንዱ ሲያዝ ሁለቱ ነፃ ናቸው። ለአጭር ቱቦ ክብደቱ ለእያንዳንዱ መሆን አለበት፤ ይህ ሲደመር ብዙ ጊዜ ኮንክሪት ከማልበስ ይወደዳል።

ወደ መሬት የሚቀበር የብረት ማሰሪያ ለኮንክሪት ቱቦ አልመክርም። ለስላሳ የሐይቅ ዳር ጭቃ አይዘውም፤ ከዋልካው ሥር ባዛልቱ በቶሎ በሚገኝበት ቦታ ደግሞ አይገባም። ብረቱም ዝገት አለበት። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቱቦ መግዛትም ብቻውን አያድንም፦ የ1 ሜትሩን ግድግዳ ከ10 ወደ 15 ሳንቲም ብታሳድጉት እንኳ ባዶውን ለጥቂት ይንሳፈፋል።

ፕላስቲክስ?

እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸነተረ የ60 ሳንቲም ፕላስቲክ ቱቦ ከኮንክሪቱ በጣም ይቀላል፣ መጋጠሚያውም ጥቂት ነው፤ ለዚህ ሲባል የሚመርጡት ብዙ ናቸው። ሚዛኑ በሜትር ከ30 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ውኃው የሚገፋው ትርፍ ግን ወደ 350 ኪሎ ይጠጋል፤ የኮንክሪቱ 60 ነበር። ስለዚህ ከላይ ያልኩት አፈርም ሆነ ክብደት ለእሱ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። መሬቱ እርጥብ፣ ጥልቀቱም ትንሽ ከሆነ ኮንክሪቱን ውሰዱ። ጥልቅና ደረቅ ከሆነ ፕላስቲኩ አያሳፍርም።

ቦዩ ክፍት ሳለ

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ቱቦ ሲነሣ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ከተቀበረ በኋላ ሳይሆን ሊቀበር አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው። ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ ግቢ በጥቅምት ወር የ60 ሳንቲም ቱቦ ስናስቀምጥ ፓምፑ ሌሊቱን እንዲሠራ ትተን ሄድን። ጀነሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ። ጠዋት ስንደርስ 14 ቱቦዎች ከአልጋቸው ተነሥተው የመጋጠሚያው ሞርታር ተሰነጣጥቆ አገኘናቸው። ውኃውን ስንስበው ተመልሰው ወረዱ፤ ነገር ግን ከሥራቸው ጭቃ ገብቶ ስለነበር ወደ ቀድሞ ከፍታቸው አልተመለሱም። ተዳፋቱ ጠፋ። ሁሉንም አውጥተን እንደገና አስቀመጥን። ያ መስመር የፍሳሽ ነበርና ሳናየው ቀብረነው ቢሆን በተሰነጠቀው መጋጠሚያ የሚያልፈው ቆሻሻ መድረሻው ጣና ነበር።

ፓምፕና ውኃ መሙላት የሚወዳደሩት በዚህ ሰዓት ነው። ፓምፕ ቦዩን ያደርቃል፣ ለመሥራትም የግድ ያስፈልጋል፤ ሌሊቱን ግን በእሱ ብቻ መታመን አይገባም። ሁለተኛ ፓምፕና የሚያድር ሰው ከሌላችሁ የቱቦውን ሁለት ጫፍ በጡብና በሞርታር ዝጉና፣ ሞርታሩ ሲይዝ ውኃ ሙሉት። የ60 ሳንቲሙ በሜትር 280 ኪሎ ያህል ውኃ ይይዛል፤ የራሱ ሲጨመር 660 ይሆናል፣ ከሚገፋው 440 በብዙ ይበልጣል። ዋጋው ጥቂት ጡብና የቦቴ ውኃ ነው፤ ከቦዩ የሚቀዳው ውኃም ይሠራል። ሙሌቱ የታሰበለት ከፍታ ላይ እስኪደርስ ውኃውን አትልቀቁት፣ ፓምፑንም አታንሡት። ሴፕቲክ ታንክ ያላችሁም ይህን ልብ በሉ፤ በጥቅምት ሙሉ በሙሉ የተመጠጠ ታንክ እንደ ቱቦው ባዶ እንስራ ነው፣ ማስመጠጡ ለየካቲትና መጋቢት ይደር።

ቱቦ ልትገዙ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ሻጩ የሚነግራችሁ የውስጥ ስፋቱን ነው፤ እናንተ ግድግዳውን በሁለቱም ጫፍ ለኩ። 7.5 ሳንቲም ይሆናል የተባለው የ60 ሳንቲም ቱቦ 5 ሳንቲም ሆኖ ቢገኝ ሚዛኑ ወደ 245 ኪሎ ይወርዳል፣ ወደ ላይ የሚገፋው ትርፍም ከ60 ወደ 140 ኪሎ ይዘልላል። ያኔ 40 ሳንቲም ያልነው አፈር አይበቃም፤ ወይ ቱቦውን መልሱ፣ ወይ ቁፋሮው ሳይጀመር ስሌቱን እንደገና አሠሩ።