ሻብሊን ለማወቅ ከካርታው ወይስ ከአምራቹ ይጀመር?

የሻብሊን ነጭ ወይን ጠጅ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ካርታ ይዞ ማሳዎቹን ማጥናት ነው፤ ሌላው አምራቾቹን መከተል።

ካርታው ደስ ይላል፣ ቦታው ትንሽ ነው። ሻብሊ ያለው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቡርጎኝ የሚባለው የወይን አካባቢ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ሲሆን ወይኑ ሁሉ የሚሠራው ከአንድ ዝርያ፣ ከሻርዶኔ ነው። ግራን ክሩ የሚባሉት ሰባቱ ምርጥ ማሳዎች በሰረን ወንዝ ቀኝ በኩል አንድ ተዳፋት ላይ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ቢደመሩ 100 ሄክታር ገደማ ናቸው፣ አፈሩ ውስጥ ደግሞ ከጥንት ባሕር የቀረ የኦይስተር (ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) ቅሪተ አካል ሞልቷል። ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

ግን ካርታ ጣዕም አይነግርም። ሌ ክሎን እንውሰድ። ከሰባቱ ትልቁ ነው፣ ባለቤቶቹ ግን ብዙ ናቸው። ሉዊ ሚሼል ወይኑን የሚሠራው በብረት ታንከር ነው፤ ዶቪሳ ያረጀ የእንጨት በርሜል ይጠቀማል። ማሳው አንድ፣ ጠርሙሱ ሌላ!

እኔ ብሆን ከአምራቹ እጀምራለሁ። በ1923 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ላ ሻብሊዝየን፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ የሻብሊን አራቱንም ደረጃ፣ ከዝቅተኛው ከፔቲ ሻብሊ እስከ ከፍተኛው ግራን ክሩ፣ ያመርታል። የአንድ አምራች ሥራ ጎን ለጎን ሲቀመስ የማሳው ልዩነት ራሱ ይወጣል። ካርታውን ያኔ ዘርጉት።