ከመሻገራችሁ በፊት ገንዳ ግቡ፤ የአንድ ቀን የ«ሲ ሰርቫይቫል» ሥልጠና

በትንሽ የሸራ ጀልባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር ርቆ ለመሻገር የተነሣ ሰው የሚገዛው ነገር ማለቂያ የለውም። ሸራ፣ ገመድ፣ ባትሪ፣ ራዲዮ፣ መልሕቅ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ገንዘቡ ወደ አንድ ቦታ ቢሄድ እላለሁ። በእንግሊዙ የጀልባ ማኅበር፣ በአር ዋይ ኤ፣ ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት «ሲ ሰርቫይቫል» የሚባል የአንድ ቀን ሥልጠና አለ። ባሕር ላይ ነፍስን ስለማቆየት ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ዋና ገንዳ ውስጥ። እኛ ሳውዝሃምፕተን አካባቢ ለአንድ ሰው 165 ፓውንድ ከፍለን ወሰድነው። ሦስታችንም።

መሻገር የፈለግነው ከደቡብ እንግሊዟ ሊሚንግተን ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሸርቡር ነበር፤ በመካከል ያለው ባሕር ኢንግሊሽ ቻናል ይባላል። ኒድልስ የሚባሉትን ነጫጭ አለቶች ካለፋችሁ በኋላ 60 ኖቲካል ማይል (110 ኪሎ ሜትር) ገደማ ይቀራል። ለትልቅ መርከብ ቀላል መንገድ ነው። በ5 ኖት (በሰዓት 5 ኖቲካል ማይል) ለምትሄድ ጀልባ ግን 12 ሰዓት ነው። መሃል ላይ መሬት አይታይም። በዚያ ላይ ከአትላንቲክ ወደ ሰሜን ባሕር የሚመላለሱት የጭነት መርከቦች መንገድ ላይ ነው የምትገቡት።

ጀልባዋ የጋሼ ናት። ጋሼ የባለቤቴ አባት ጓደኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አገልግለዋል። ጀልባዋ ዌስተርሊ ሴንቶር ትባላለች፤ 26 ጫማ ነች። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ እዚህ አገር በብዛት ከተሠሩት አንዷ ናት። ከሥሯ ሁለት ክንፍ ስላላት ውኃው ሲጎድል ጭቃ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሥልጠናውን ሳነሣባቸው ይቃወማሉ ብዬ ነበር። «ትልቅ መርከብ ላይ የሚያስብልሽ ሌላ ሰው አለ፤ እዚህ እኔ ብወድቅ ማን ያወጣኛል?» አሉና ከሁላችን ቀድመው ተመዘገቡ።

እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። ጣና ላይ ዋኝቻለሁ፤ ውኃ አልፈራም። ሥራዬም ነርስነት ስለሆነ ስለ ብርድ የማውቀው ነገር ነበር። ቢሆንም የጠዋቱ ትምህርት ከጠበቅሁት በላይ ጠለቅ ያለ ነው። የቻናሉ ውኃ ግንቦት ላይ 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚገድለው የሰውነቱ መቀዝቀዝ አይደለም። ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ በአየር ፈንታ ውኃ ይገባል። አሠልጣኛችን በሦስት ቁጥር አስያዘችን፤ አንድ፣ አሥር፣ አንድ። ትንፋሽን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ። እጅና እግር የሚታዘዙበት አሥር ደቂቃ ገደማ። ከዚያ ብርዱ ራስን እስኪያስት አንድ ሰዓት ያህል። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ እንደ ውኃውና እንደ ሰውየው ይለያያሉ። ግን የላይፍ ጃኬት (የመንሳፈፊያ ሰደርያ) ቦታ ለምን ሣጥን ውስጥ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ አስረጂ የለም። በዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ማንም ጃኬት ፈልጎ አይለብስም።

ስለ ጃኬቱ ትንሽ ልቆይ፤ የቀኑ ምርጥ ክፍል ይህ ነውና። አብዛኞቻችን የምንይዘው 150 ኒውተን የሚባለውን (ቁጥሩ የማንሳፈፍ ኃይሉ ነው)፣ ውኃ ሲነካው በራሱ የሚነፋውን ነው። አሠልጣኟ የራሳችንን ጃኬት ይዘን እንድንመጣ ነግራን ነበር። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ አስከፈተችን። ውስጡ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር አለ። ከጀልባው ንዝረት የተነሣ ቀስ በቀስ ሊላላ ይችላል። የላላ ሲሊንደር ጃኬቱን አይነፋም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት በእጅ አጥብቁት። ውኃ ሲነካው የሚሟሟው ቁራጭ ላይ ቀን ተጽፏል፤ እሱንም እዩ። ሌላ ዓይነትም አለ፤ የሚሠራው በውኃ ግፊት ስለሆነ በዝናብና በርጭት አይነፋም፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል።

ከሁሉ በላይ በእግር መሃል የሚያልፈው ማሰሪያ! ሰው ስለማይመቸው ይተወዋል። ገንዳ ውስጥ አንዱን ሠልጣኝ ያለሱ አስገቡት። ጃኬቱ ወደ ላይ ሸሸና ፊቱን ሸፈነው፤ አገጩ ውኃ ውስጥ ቀረ። ማሰሪያውን አስረው ሲመልሱት ራሱ ከፍ ብሎ ተንሳፈፈ። ባለቤቴ በዚያው ሳምንት ለሦስታችንም ማሰሪያ ገዛ።

ከሰዓት በኋላ ላይፍ ራፍቱ፣ በጋዝ የሚነፋው የነፍስ አድን ታንኳ፣ መጣ። ገመዱ ጀልባዋ ላይ ሳይታሰር አይወረወርም። ገመዱ እስኪያልቅ ይሳባል፣ መጨረሻ ላይ ጠንከር ተደርጎ ሲነጠቅ ይነፋል። መግባቱ ግን ጉልበት ይፈጃል። ባለቤቴ ግዙፍ ሰው ነው፤ የረጠበ ልብስና የተነፋ ጃኬት ይዞ ሁለት ሰው ካልጎተተው አልገባም። ቀድሞ የሚገባው ጠንካራው ሰው ይሁን፤ እሱ ሌላውን ይስባል።

ራፍቱ ተገልብጦ ቢወድቅስ? የጋዝ ሲሊንደሩ ያለበትን ጎን ነፋሱ ወደሚሄድበት ታዞራላችሁ። እዚያ ላይ ቆማችሁ ከሥሩ ያለውን ማሰሪያ ይዛችሁ ወደ ኋላ ትንጋለላላችሁ። ከወዲያ በኩል ነፋሱ ገብቶ ያግዛችኋል። ራፍቱ ላያችሁ ላይ ይወድቃል፤ በጀርባችሁ ሆናችሁ ወለሉን በእጅ እየገፋችሁ ትወጣላችሁ። ሰባ ዓመት የተጠጉት ጋሼ ሲያዞሩት ገንዳው ዳር ያለው ሁሉ አጨበጨበ።

ውስጡ ጠባብ ነው። ለአራት ሰው የተባለው ውስጥ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ ጉልበት በጉልበት ላይ። የፕላስቲኩ ሽታ ይከብዳል። ለዚህ ነው ከገባችሁ በኋላ ቶሎ የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚዋጠው፤ በጭራሽ የማያመው ሰው እንኳ። ከዚያ በፊት አራት ነገር በቅደም ተከተል ይሠራል። ገመዱን ቁረጡ፤ የባሕር መልሕቁን (ራፍቱ በነፋስ ቶሎ እንዳይነዳ ውኃ ውስጥ የሚጎተተውን ጨርቅ) ልቀቁ፤ በሩን ዝጉ፤ ራፍቱንና ሰዉን ጠብቁ።

ቢሆንም አሠልጣኟ ደጋግማ የነገረችን ወደ ራፍት ቶሎ እንዳንሮጥ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1979 ፋስትኔት በሚባለው የሸራ ጀልባ ውድድር ላይ 303 ጀልባዎች ተነሥተው ኃይለኛ ማዕበል ደረሰባቸው። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። 24 ጀልባዎችን ሰው ጥሏቸው ወጣ። ከእነዚያ የሰጠሙት 5 ብቻ ናቸው። የቀሩት በኋላ ሲንሳፈፉ ተገኙ። ጀልባዋ እስካልሰጠመች ድረስ ከራፍት ትሻላለች።

አሁን ጉድለቱን ልናገር። ገንዳው ሞቃት ነው። ማዕበል የለም፣ ነፋስ የለም፣ ብርሃን አለ። ጠዋት ስለ ብርድ የተማራችሁትን ከሰዓት በኋላ ሰውነታችሁ አያየውም። የአደጋ ርችቶቹን በሥዕልና በባዶ ናሙና ብቻ ነው ያየነው። ከሁሉ የከፋኝ ግን የወደቀን ሰው ወደ ጀልባ መልሶ ስለማውጣት በቂ ጊዜ አለመሰጠቱ ነው። በሦስት ሰው ለምትሄድ ጀልባ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። እኛ በኋላ ሊሚንግተን ላይ በምሰሶው ገመድና በዊንች (ገመድ በሚጠቀልለው መዘውር) ባለቤቴን ከውኃ እያወጣን ለብቻችን ተለማመድን። እንግሊዝኛውም ይፈጥናል፤ የመርከብ ቃላት ይበዙበታል። የሥልጠናው መጽሐፍ ለእኛ ቀድሞ ስለተላከልን አንብበን ሄድን። እናንተም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሥልጠናው የዝግጅታችንን ዝርዝር ቀየረው። ራፍት አልገዛንም፤ ለሳምንት ተከራየን። የተረፈው ገንዘብ በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የግል የአደጋ መጥሪያ ገዛ። እዚህ አገር ምዝገባው ነፃ ነው፤ የተጠሪ ስልክ ላይ ለንደን ያለችውን እህቴን ጻፍን፤ የጉዞውን ሰዓትና መንገድም አስረዳናት። ከፊት እስከ ኋላ የምንታሰርበት ጠፍጣፋ ገመድ ዘረጋን፤ በሌሊት ማንም ሳይታሰር ከጓዳው አይወጣም ተባባልን። ቦታው ሲቀየር እንኳ አንዱ መንጠቆ ሳይያዝ ሌላው አይፈታም።

ምግቡ የጋሼ ነበር። በሶ። አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ በአንድ እጅ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። ዳቦ ቆሎም ነበረን። ሲናሪዚን የሚባለውን የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመነሣታችን ሁለት ሰዓት በፊት ዋጥን፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ግን አስቀድመን ቤት ውስጥ ሞክረነው ነበር። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ፋርማሲስት ጠይቁ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላላችሁ አንድ ነገር። በራሳችሁ ጀልባ ብትሄዱም የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። የፓስፖርት ቁጥጥር ያለበት ወደብም መምረጥ አለባችሁ፤ ሸርቡር አንዱ ነው። ከእንግሊዝ ስትወጡም አስቀድማችሁ ለድንበር ጠባቂው መሥሪያ ቤት ታሳውቃላችሁ።

ተሻገርን። የቻናሉ ውኃ ስድስት ሰዓት ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ስድስት ሰዓት ያህል ወደ ምዕራብ ስለሚፈስ ጋሼ ኮምፓሱን አንድ ቦታ ይዘው ውኃው ወዲያና ወዲህ እንዲወስደን ተዉት። ሊነጋ ሲል የፊተኛው ሸራ ገመድ ተጠላለፈ። ባለቤቴ ታስሮ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ሄዶ ፈታው። ጋሼ «ቀስ! መንጠቆህን እይ!» ይላሉ፤ እኔ መብራት ይዤለታለሁ። ማንም አልተደናገጠም። ለዚህ ነው ካፒቴኑ ብቻ ሠልጥኖ ሌላው እንዲቀር የማልመክረው። ካፒቴኑ ቢወድቅ የሚያወጡት ያልሠለጠኑት ናቸው።

ልትመዘገቡ ከሆነ የእንግሊዙ የጀልባ ወቅት ሳይጀምር፣ በብርዱ ወራት ያዙ። ስልክ ስትደውሉም ሁለት ነገር ጠይቁ፤ በገንዳው ውስጥ የራሳችሁን ጃኬት መንፋት ይፈቀዳል ወይ? የወደቀን ሰው ማውጣትስ በተግባር ይሠራል ወይ? ሁለቱንም «አዎ» የሚል ትምህርት ቤት ካገኛችሁ፣ መንገዱ ቢርቅም እዚያ ሂዱ።