ባለ 5 ሊትር ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ለጨቅላ ሕፃን፦ ማሽኑ ደህና፣ ፍሎሜትሩ አይሆንም

ብሮንኮፐልሞናሪ ዲስፕላዢያ (ያለጊዜው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚታይ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም) ኖሮበት ከነኦክስጅኑ ወደ ቤት ለሚሄድ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን፣ ሲሊንደር እያመላለሱ ከማስሞላት ባለ 5 ሊትር ኮንሰንትሬተር ይሻላል። የክፍሉን አየር ስቦ ናይትሮጅኑን በዚዮላይት (ናይትሮጅን በሚይዝ ማዕድን) ያስቀርና ከ90 እስከ 96 በመቶ ኦክስጅን ይሰጣል። መብራት እስካለ አያልቅም። ግን የተሠራው ለአዋቂ ነው፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፊቱ ላይ ያለው ፍሎሜትር (ፍሰቱን በኳስ የሚያሳየው መለኪያ) ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሊትር ይጀምራል። ለሕፃን የሚታዘዘው ደግሞ በደቂቃ 0.1 ወይም 0.2 ሊትር ሊሆን ይችላል። ኳሷን ከመጀመሪያው መስመር በታች አውርዶ «እዚህ አካባቢ ነው» ማለት ያልታወቀ መጠን መስጠት ነው። ስለዚህ እስከ 1 ሊትር ብቻ የሚለካ፣ መስመሮቹ ደቃቅ የሆኑ የሕፃናት ፍሎሜትር ለብቻው መግዛት ግድ ነው። ሲገዛ ለስንት ግፊት እንደተለካ ይጠየቅ፦ የሆስፒታል ግድግዳ ላይ የሚሰካው ለ50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የተለካ ነው፤ እነዚህ ማሽኖች የሚያወጡት ግን ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ነው። ያንን እዚህ ከገጠሙት የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም። አንዳንዱ ማሽን ደግሞ ፍሰቱ ዝቅ ሲል ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ሳይከፈልበት በታዘዘው መጠን ግማሽ ሰዓት ያህል አስነስቶ ማየት ነው።

በዚህ ፍሰት ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ታጠፋለች። ዋናዋ ተጠርጣሪ ኦክስጅኑን የሚያረጥበው የውሃ ጠርሙስ ክዳን ናት፤ ተጣማ ከገባች ኦክስጅኑ በጎን ይወጣል፣ ፍሎሜትሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ 0.1 ያሳያል። ለዚህ ያህል ፍሰት ማርጠቢያ ብዙ ጊዜ ስለማያስፈልግ ሐኪሙ ከፈቀደ ጠርሙሱን ማውጣት ይቀላል። ለመፈተሽ የካኑላውን (አፍንጫ ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) ጫፍ ንጹሕ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ አረፋ ካልወጣ ኦክስጅኑ ሕፃኑ ጋ አልደረሰም። ከዚያ ጫፉ በደንብ ሳይደርቅ አፍንጫ ውስጥ አይገባም።

ቱቦ አይርዘም። 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በሜትር 20 ሚሊሊትር ገደማ ይይዛል፤ 15 ሜትር ቢሆን 300 ሚሊሊትር ነው፣ በ0.1 ሊትር ፍሰት ለመሙላት 3 ደቂቃ ይፈጃል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ሕፃኑ ይህን ያህል ይጠብቃል ማለት ነው።

በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር በእግር መዳፍ ላይ የሚጠቀለል የሕፃናት ዓይነት ይሁን፤ የአዋቂ ጣት የሚነክሰው አያገለግልም። ብዙ ሐኪሞች ሳቹሬሽኑ (የደሙ የኦክስጅን መጠን) 93 በመቶ እና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ቁጥሩን የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው፣ ኦክስጅኑን የሚቀንሱትም እነሱ። ሕፃኑ ሲራገጥ የሚታይ 80 ከማስደንገጡ በፊት የልብ ምቱ ንባብ ትክክል መሆኑ ይታይ፤ የከንፈሩ ቀለም ከተለወጠ ወይም ትንፋሹ ከከበደው ግን መሣሪያውን መመርመር ትቶ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

ትንፋሽ ሲሳብ ብቻ የሚለቀው በእጅ የሚያዝ ዓይነት ለጨቅላ አይሆንም፤ ትንፋሹ ደካማ ስለሆነ ማሽኑ ላይሰማው ይችላል። መብራት ለሚጠፋበት ቤት ከነሬጉሌተሩ (ግፊት መቀነሻው) አንድ ሲሊንደር መጠባበቂያ ያስፈልጋል። አፍንጫው ቢደርቅ ቫዝሊን አይቀባም፣ ከኦክስጅን ጋር እሳት ያስነሳል። የአየር ማጣሪያው በየሳምንቱ በሳሙና ታጥቦ ፍጹም ሳይደርቅ አይመለስም።

ያገለገለ ማሽን ከሆነ በ5 ሊትር ላይ ንጽሕናው በኦክስጅን አናላይዘር ይለካ። ከ90 በታች ካነበበ ዚዮላይቱ እርጥበት ጠጥቶ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «አናላይዘር የለኝም» ካለ ማሽኑን እዚያው መተው ነው።