በብረት አስበይደው ላላችሁኝ፦ የዋንዛው ሞሪስ ክረምቱን አለፈ

የደብረ ብርሃንን ክረምት የሚያውቅ ይረዳኛል። ሐምሌና ነሐሴን ደጅ ያደረው ሞሪስ መኪናዬ የኋላ አካሉ እንጨት ነው፤ የኋላ በሮቹ ግን ዛሬም ሳይታገሉኝ ገጥመው ይዘጋሉ። ይህን ያስጻፈኝም እርሱ ነው። ስለ ሞተሩ ከጠየቃችሁኝ 1098 ሲሲ ነው፣ ይነሳል፣ ይሄዳል።

ሞሪስ ማይነር ትራቬለር እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1971 የሠሩት መኪና ነው። የኋላው የእንጨት ክፈፍ ለጌጥ የተለጠፈ ይመስላል፤ ነገር ግን የኋላውን ጣሪያ የሚሸከመው፣ የጎን አሉሚኒየሞቹንና ተንሸራታች መስታወቶቹን የያዘው፣ በሮቹም የተንጠለጠሉበት እርሱው ነው። ፋብሪካው የተጠቀመበት አሽ የተባለ እንጨት ንዝረት ይችላል፤ እርጥበት ሲሰነብትበት ግን ቶሎ ይበሰብሳል። የእኔው መኪና መስታወቱ በሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ የድንጋይ ሽበት የሚመስል አረንጓዴ ነገር አብቅሎ ነበር። ከላይ ቫርኒሹ ያብለጨልጫል፤ ከኋላው ጎማ በላይ ባለው አግዳሚ ላይ ካቻቪቴ ስደግፍበት ግን እስከ እጀታው ሰመጠ፤ ስስበውም ጥቁር እርጥብ ብስባሽ ይዞ ወጣ።

ያኔ ያልመከረኝ አልነበረም። አንዱ ጋራዥ «በስቱኮ ሞልተን እንቀባው» አለ። ሌላው «እንጨቱን አውጥተን አንግል ብረት እንበይድ፣ ላሜራ እናልብሰው» አለ። መኪና አሻሻጮችማ እስካሁን አለቀቁኝም፦ «በዚህ ዘመን የእንጨት መኪና ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል። እንግዲህ ስሙኝ። ስቱኮ የበሰበሰውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ እርጥበቱን ከሥሩ ይዞ ጤነኛውንም ያስበላል። ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ተነካክቶ ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ አሉሚኒየሙ ተበልቶ ያልቃል። እናንተ የምታስቡት መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ነው። እኔ ግን እነዳዋለሁ።

እንጨት መምረጡም ቀላል አልነበረም። ባሕር ዛፍ በየመንገዱ ሞልቷል፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጥድ ምስጥና ብስባሴን ይችላል፤ ብሎን ሲጠብቅበት ግን ለመሰንጠቅ ቅርብ ነው። አናጺው ሽማግሌ ዋንዛን መረጡ፤ በይፋት በኩል ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ፣ ለዓመታት የደረቀ ጣውላ። የተበላውን ቁራጭ ልወረውር ስል «ተው ልጄ፣ ልኬታችን እርሱ ነው» አሉኝና አዲሱን በእርሱ ላይ እየለኩ ቆረጡ። ከዚያም የጣውላውን ጫፍ አሳዩኝ። ውሃ በብዛት የሚጠጣው ጎኑ ሳይሆን ይህ የተቆረጠው ጫፍ ነው፤ መበስበሱም የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከመጋጠሚያው ነው። ስለዚህ መጋጠሚያው ውሃ በማይፈታው ኮላ ታሰረ፤ ውጭ የቀረው ጫፍ ሁሉ እስኪጠግብ የተልባ ዘይት ጠጣ። ቦዮቹ ወለላቸው ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ተበሳላቸው፤ የዛጉት ቪቴዎች ወጥተው የነሐስ ገባ። የእንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አብስባሹ ፈንገስ አይነሳም፤ የአናጺው ድካም ሁሉ ዝናብ የነካው እንጨት ሳይውል ሳያድር እንዲደርቅ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ቀድሞ በየኩርባው ሲጥ ሲጥ ይል የነበረው የኋላ አካል ጸጥ ብሏል። የሁለቱ በሮች ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የግራው በር ጥቂት ጠበብ ብሎ ነበር። አናጺው «በዝናብ ወቅት መላጊያ እንዳታስነካው፣ በበጋ ክፍተት ያመጣብሃል» ብለውኝ ስለነበር ተውኩት፤ ፀሐይ ሲወጣ በራሱ ለቀቀ። የዕቃ መጫኛው ወለል ላይ የዘረጋሁት ጋዜጣ ክረምቱን ሙሉ ጠብታ አላየም። እንዲህ ያለ ሥራ እጅ ያስስማል!

ዋጋው ከብየዳው በልጧል፤ አልቆጨኝም፣ ነገም ብጠየቅ እከፍላለሁ። ግንቦት ማብቂያ ላይ ዘይቱ ይደገማል፣ የቦዮቹ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ይጠረጋሉ። እንዲህ ያለ መኪና በአጥር ጥግ ቆሞ አይታችሁ ልባችሁ ከሄደ፣ በቫርኒሹ አትማረኩ። ከኋላው ጎማ በላይ ያለውን አግዳሚ በካቻቪቴ ጫፍ ሞክሩት፤ ሻጩ ከከለከላችሁ ዋጋውን አትጠይቁ። የእኔን ለምትጠይቁኝ አሻሻጮች ግን፦ አይሸጥም።