ሄድፎኑ፣ በገናውና የተወጠረው ትከሻዬ፦ የሰባት ወር ልምዴ

ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ። ማታ ሒሳብ ስዘጋ ብር ከጎደለ የምከፍለው ከኪሴ ነው። ቤት ከገባሁ በኋላም ትከሻዬ እንደተወጠረ፣ ጥርሴን እንደነከስኩ ነበር የማድረው። ጆሮ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ይህን ሄድፎን መርካቶ በ2,800 ብር የገዛሁት ለዚሁ ነው። አሁን ሰባተኛ ወሩን ይዟል።

የመጀመሪያውን ወር ሙዚቃ ብቻ አዳመጥኩ። ደስ ይላል፤ ግን ሙዚቃው ሲያልቅ ጭንቀቱ ካቆመበት ይቀጥላል። በትዝታ ቅኝት የተሠሩትማ ጭራሽ አባሱብኝ። ያለፈውን ሁሉ እየቀሰቀሱ እንቅልፍ ነሱኝ።

ለውጥ ያየሁት ጡንቻ የማላላት ልምምድ ስጨምርበት ነው። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያዳበረው ዘዴ ነው። አንዱን የሰውነት ክፍል አምስት ሰከንድ ያህል ትወጥሩታላችሁ። ከዚያ ባንዴ ትለቁታላችሁ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ልዩነቱን ልብ ትሉና ወደ ቀጣዩ ታልፋላችሁ፤ እጅ፣ ክንድ፣ ፊት፣ ትከሻ እያለ እስከ እግር ጣት። ወገቤን ስለሚያመኝ የጀርባውን እዘለዋለሁ።

ስልኬ ላይ ያወረድኩት መመሪያ በእንግሊዝኛ ነበር። በጭንቅላቴ እየተረጎምኩ የምን መላላት! በኋላ ታላቅ እህቴ በአማርኛ ቀዳችልኝ። «ጡጫሽን ጨብጪ… በይ አሁን ልቀቂው።» ከሥሩ በገና አስገባሁበት።

ሄድፎኑ ዋጋውን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። በስልኬ ስፒከር የበገናው ወፍራም ድምፅ ይጠፋና ንዝረቱ ብቻ ይቀራል። በዚህ ግን ሁለቱም አሉ፤ የአውታሩ ድምፅም፣ እንዚራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳ የምትሰጠው ያ ጥዝዝታም። ደረቴ ላይ የሚመታ ነው የሚመስለኝ። ትንፋሼ ሳላስበው ቀስ ይላል።

ጉድለትም አለው። በአምስተኛው ወር የጆሮው ስፖንጅ ተላላጠ፤ ጥቁር ቅርፊቱ ትራሴ ላይ እየረገፈ አስቸገረኝ። በ250 ብር አስቀየርኩት። ያሞቃል፤ በጎን መተኛትም አያስችልም። ባትሪው ግን ጎበዝ ነው። በቀን 20 ደቂቃ ብቻ ስለምጠቀምበት መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋም አያሳስበኝም።

ባለፈው ሳምንት ሒሳብ ስዘጋ 400 ብር ጎደለኝ። ሄድፎኑ ቤት ነው። መንጋጋዬ ሲጨመደድ ተሰማኝና «ልቀቂው» የሚለው የእህቴ ድምፅ መጣብኝ። ለቀቅኩት። ትከሻዬን አወረድኩና ከአንድ ጀምሬ እንደገና መቁጠር ያዝኩ።